ሔንሪየታ ላክስ

ሔንሪየታ ላክስ በሰሜን አሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር፣ ሮአኖክ በምትባል ከተማ ኦገስት 1 ቀን 1920 ተወለደች። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳለች እናቷ አሥረኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። አባቷም ልጆቹን ብቻውን ማሳደግ ስላልቻለ ክሎቨር ወደተባለችው የገጠር መንደር ወስዶ ለዘመድ አዝማድ አከፋፈላቸው። ሔንሪየታ የደረሰችው ለአያቷ ነበር። አያቷ ይኖሩበት የነበረው የግንድ ቤት ቀደም ባለው ዘመን የባሮች ማደሪያ የነበረ ነው። ልጅቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ላሞች ታልባለች፣ ዶሮዎች ትቀልባለች፤ ከዚያም ወደ ትምባሆው ማሳ ትሰማራለች። ትምህርቷንም ከ6ኛ ክፍል በላይ አልገፋችም።

በ1941 አብሯት ያደገውን ዘመዷን ዴቪድ ላክስን አገባች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የብረት ፋብሪካዎች ሠራተኛ በብዛት ይፈልጉ ስለነበር፣ ባልና ሚስቱ የትምባሆ እርሻውን ትተው በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ባልቲሞር አጠገብ ሰፈሩ። አምስት ልጆችም ወለዱ።

የመጨረሻ ልጇን ከተገላገለች ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሔንሪየታ ከሆዷ ውስጥ እንደ ቋጠሮ ያለ ነገር እየተሰማት፣ ደምም ያለ ጊዜው እየፈሰሳት ተቸገረች። ጃንዩወሪ 29 ቀን 1951 ጆንስ ሆፕኪንስ ወደተባለው ሆስፒታል ሄደች። በዚያን ዘመን በአገሩ ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው እንዲኖሩ ይደረግ ስለነበር፣ ሆስፒታሉም ጥቁር በሽተኞችን የሚያስተኛው ለብቻቸው ነበር። ይሁንና በአካባቢው ድሆች ጥቁሮችን ተቀብለው ከሚያክሙት ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ እርሱ ነበር። ሐኪሙ ሲመረምራት በማኅፀኗ በር ላይ ዕጢ አገኘ። ዕጢውም ነቀርሳ መሆኑ ተረጋገጠ።

በፌብሩወሪ ወር ለሕክምና ስትተኛ፣ ለሕመሟ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት የምትፈቅድበትን ወረቀት ፈረመች። ሕክምናው በጊዜው የተለመደው ነበር፤ ራዲየም የተባለውን ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር የያዙ ትንንሽ ቱቦዎች ከነቀርሳው አጠገብ ተደረጉ። ነገር ግን ሐኪሙ ቱቦዎቹን ከማስገባቱ በፊት ከማኅፀኗ በር ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ሥጋ ወሰደ፤ አንዱን ከደኅናው ክፍል፣ ሌላውን ከታመመው። ይህ ለእርሷ መዳን የሚያስፈልግ አልነበረም። ለምርምር መሆኑ አልተነገራትም፤ ፈቃዷም አልተጠየቀም። የፈረመችው ወረቀት ስለ ሕክምና እንጂ ስለ ምርምር የሚናገረው ነገር አልነበረውም። በእርግጥ ሐኪሙ እንዲያስፈቅድ የሚያስገድደው ሕግ በዚያን ጊዜ አልነበረም። እንዲያውም በነጻ የሚታከም ድኻ ለምርምር ቢውል ተገቢ ነው ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች ነበሩ።

ቁራጮቹ የተላኩት በዚያው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይመራ ለነበረው ለዶክተር ጆርጅ ጋይ ነው። ዶክተር ጋይና ባለቤቱ ማርጋሬት የሰውን ሕዋሳት ከሰውነት ውጪ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ለማራባት ብዙ ዓመታት ደክመው ነበር። ሕዋሳቱ ግን ጥቂት ጊዜ እየቆዩ ይሞቱባቸው ነበር። የሔንሪየታ የነቀርሳ ሕዋሳት አልሞቱም። በየ24 ሰዓቱ ገደማ በእጥፍ እየበዙ፣ ምግብና ሙቀት እስካገኙ ድረስ ያለማቋረጥ ተባዙ። የላቦራቶሪው ሠራተኛም ከሁለቱ ስሞቿ መጀመሪያ ወስዳ በዕቃው ላይ ሄላ ብላ ጻፈችበት። ዶክተር ጋይ ሕዋሳቱን ለጠየቁት ተመራማሪዎች ሁሉ ያለ ዋጋ ላከ። ለራሱ መክበሪያ እንዳላዋላቸው አለመግለጽ ፍርድ ማጉደል ይሆናል።

ሔንሪየታ ግን አልዳነችም። ነቀርሳው በሰውነቷ ተሰራጭቶ ኦክቶበር 4 ቀን 1951 በ31 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሞቹ አስከሬኗን ለመመርመር የባሏን ፈቃድ ጠየቁ። ባሏ በመጀመሪያ እምቢ አለ፤ ምርመራው ወደፊት ልጆቹን ሊጠቅም እንደሚችል ሲነገረው ግን ተስማማ። እንግዲህ ለሬሳዋ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ በሕይወት ሳለች ከገላዋ ለተወሰደው ግን ማንም አልጠየቀም። በክሎቨርም ያለ ሐውልት ተቀበረች። በመቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2010 ነው።

ሕዋሳቱ ዓለምን አዳረሱ። የልጅነት ልምሻን ለመከላከል ዶክተር ዮናስ ሳልክ ያዘጋጀው ክትባት በሚፈተንበት ጊዜ፣ በተስኪጊ የጥቁሮች ኮሌጅ ውስጥ እየተባዙ ለፈተናው ዋሉ። በ1960 ወደ ጠፈር ተላኩ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ1980ዎቹ ዓመታት የማኅፀን በር ነቀርሳ በቫይረስ ምክንያት እንደሚመጣ ሲያሳይ፣ ከቫይረሶቹ አንዱ በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ። ለዚህም ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ግኝት የተገኘው ክትባት በኢትዮጵያም ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በሌላ በኩል ሕዋሳቱን የሚያራቡና የሚሸጡ ኩባንያዎች ተቋቁመው ብዙ ገንዘብ አገኙ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤተሰቧ ምንም አያውቅም ነበር። በመጻሕፍትና በጋዜጦች ላይ የሕዋሳቱ ባለቤት ሄለን ሌን የተባለች ሴት እንደ ሆነች ይጻፍ ነበር። ስምን መሸሸግ የበሽተኛን ምስጢር ለመጠበቅ ይጠቅማል፤ በዚህ ጊዜ ግን ምስጢሩ የተጠበቀው ከገዛ ልጆቿ ነበር።

በ1966 የሔንሪየታ ሕዋሳት በሌሎች ላቦራቶሪዎች ከሚራቡት ሕዋሳት ጋር ተቀላቅለው እንዳበላሿቸው ታወቀ። ተመራማሪዎች የትኛው የእርሷ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደ ሆነ ለመለየት የቤተሰቧ ደም አስፈለጋቸው። ስለዚህ በ1973 ወደ ቤተሰቡ ተደውሎ ደም እንዲሰጡ ተጠየቁ። የቤተሰቡ አባሎች እናታቸውን የገደለው ነቀርሳ በእነርሱም ላይ እንዳለና እንደሌለ የሚመረመሩ መስሏቸው ደማቸውን ሰጡ። ውጤቱን ጠበቁ፤ የሚነግራቸው ግን አልመጣም። በ1951 ፈቃድ አለመጠየቁ በዘመኑ ልማድ ሊመካኝ ይችላል። በ1973 ግን ዓላማው በሚገባቸው ቋንቋ ሳይብራራላቸው መቅረቱ ምክንያት አይገኝለትም።

በማርች 2013 ሃይደልበርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሄላን ሙሉ የዘረ መል ዝርዝር ማንም ሊያየው በሚችል መንገድ አወጡ። ዘረ መል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑ ከእናቲቱ የተነበበው ነገር የልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ሥጋ ምስጢር በከፊል ይገልጣል። ለየትኛው በሽታ እንደሚጋለጡ እንኳ ሊጠቁም ይችላል። ቤተሰቡ አሁንም አልተጠየቀም ነበር። ተቃውሞ በመነሣቱ ተመራማሪዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ዝርዝሩን አነሡት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኃላፊዎችም ከቤተሰቡ ጋር ለወራት ተነጋገሩ። በኦገስት 2013 በተደረሰው ስምምነት መሠረት፣ ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ጥያቄውን ለአንድ ኮሚቴ ማቅረብ ግዴታ ሆነበት። ከ6ቱ የኮሚቴ አባሎች ሁለቱ የሔንሪየታ ቤተሰቦች ሆኑ። ስምምነቱ ገንዘብ አላስገኘላቸውም። የፈለጉት ግን በመጀመሪያ መጠየቅ ነበርና ተቀበሉት።

የዓለም የጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 ለሔንሪየታ መታሰቢያ ሽልማት ሰጠ፤ በዕድሜ የገፋው ትልቁ ልጇም ተቀበለ። በዚያው ወር ቤተሰቡ ከሕዋሳቱ ትርፍ ያገኘ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት ማለቁ ኦገስት 1 ቀን 2023 ተገለጠ፤ የስምምነቱ ዝርዝር ግን ለሕዝብ አልተነገረም። ከዚያም በኋላ ቤተሰቡ በሌሎች የመድኃኒት ኩባንያዎች ላይ ክስ መሥርቷል።