በጭነት መኪና የተጀመረ የመድረክ ጉዞ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወስደው መንገድ መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ የሚጓዘውን አዝማሪ ከመኪና በፊት ያውቀዋል። አዝማሪው ገበያ በቆመበት ይውላል፣ ሠርግ በተደገሰበት ያመሻል፣ ተቀበል ሲባል ከታዳሚው የመጣለትን ስንኝ በዜማ አስጊጦ ይመልሳል። አዳራሽና ትኬት አያስፈልገውም። አድማጩ ካልመጣለት እርሱ ወደ አድማጩ ይሄዳል።

ይህ የቆየ ልማድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሌላ መልክ ይዞ ቀጥሏል። በ1927 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ወቅት አቶ መኰንን ሀብተወልድ የመሠረቱት የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ነበር። ከነጻነት በኋላ እንደገና ሲደራጅ ድምጻውያንን፣ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችንና ተዋንያንን በደመወዝ ቀጥሮ ማሠራት የያዘ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹም ከአዲስ አበባ ወጥተው በየከተማው ትርኢት ያቀርቡ ነበር። ብቻውን ይዞር የነበረው ዘፋኝ በዚህ መንገድ በቡድን መጓዝ ጀመረ።

ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ወሊሶ በሚገኘው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ባያርፍ ኖሮ የጥላሁን ገሠሠ ሕይወት ምናልባት ሌላ አቅጣጫ በያዘ ነበር።

ጥላሁን ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ንጉሤና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ የመስቀል በዓል በሚከበርበት ዕለት መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ከአያቱ ጋር ወደ ወሊሶ ሄዶ ትምህርቱን በራስ ጎበና ትምህርት ቤት መከታተል ቀጠለ። አያቱ ልጁ ቀለም እንዲቆጥር እንጂ ዘፋኝ እንዲሆን አልፈለጉም። በዚያ ዘመን አዝማሪ ለሠርግ ይጠራል፣ ይሸለማል፣ ልጄ አዝማሪ ሆነ የሚል ወላጅ ግን አይገኝም ነበር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የነበሩት ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ በበኩላቸው የልጁን ድምፅ አስተውለው ያበረታቱት ነበር።

ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ፣ አቶ ኢዮኤል ዮሐንስና ሌሎች የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ትርኢት ባሳዩበት ቀን ጥላሁን ከተመልካችነት አልፎ አቶ ኢዮኤልን ቀርቦ አነጋገረ። ሙያውን ከልቡ የሚፈልግ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበትም ተነገረው። ይህችን ምክር ይዞ ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ መንገድ ጀመረ። አያቱ ተከታትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበት። እዚያው ከዘመድ ቤት ካደረ በኋላም ወደ ወሊሶ መለሱት። ልጁ ግን በአያቱ ቤት ከአንድ ሌሊት በላይ አልቆየም። በሁለተኛው ጉዞው በእግሩ መሄዱን ትቶ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ።

በሀገር ፍቅር ተቀጥሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከሠራ በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በዚያ ዘመን ስመ ጥር ድምጻዊ መሆን ማለት የመንግሥት ባልደረባ መሆን ማለት ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምጻውያንና የሙዚቃ ጓድ ነበራቸው። ድምጻዊው ደመወዙን በወር ይቀበላል፣ የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ የትና መቼ እንደሚዘፍን የሚወስኑለትም አለቆቹ ናቸው። ለሌላ መሥራት ቢፈልግ የአለቆቹን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የቢሮ ሕይወትን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በተመሳሳይ ዘመን በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ አቀንቃኞች የተለየ ኑሮ ይኖሩ እንደነበር ማንሳት ለንጽጽር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1925 በናሽቪል ከተማ የተጀመረው ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ቅዳሜ ማታ ያስተዋውቃቸዋል፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ በመኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ከትኬት ሽያጭ ይኖራሉ። ካልዘፈኑ አይበሉም። ከእነርሱ እጅግ ታዋቂ የነበረው ሐንክ ዊሊያምስ ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ካንተን ከተማ ለኮንሰርት ሲጓዝ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1953 በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። የእኛዎቹ ድምጻውያን እንዲህ ያለውን የጎዳና ሩጫ ደመወዛቸው ከልክሎላቸዋል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የደመወዙ ዋጋ ግን በሌላ መንገድ ይከፈል ነበር።

ጥላሁን ይህን ዋጋ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከፈለ። የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ የክፍሉ አባላት በጅምላ ተጠያቂ ሆኑ። የኦርኬስትራው ድምጻዊ ጥላሁን ገሠሠም ታስሮ የተወሰነ ጊዜ በእስር ቤት አሳለፈ። የጦር ክፍል ባልደረባ በመሆኑ ያገኘው መድረክ፣ ያው ክፍል ሲወድቅ እርሱንም ይዞት ወደቀ።

ከእስር ከወጣ በኋላ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ሥራውን ቀጠለ። ዝናው ከቀድሞው እየላቀ የሄደውም በዚህ ወቅት ነው። ሸክላ ማሳተምና ማስመጣት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቅዶ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ክልከላ ጥሶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ። ፊሊፕስና ካይፋም በየፊናቸው ሸክላ አወጡ። ጥላሁን ለሦስቱም ዘፍኗል። ከዚህ በኋላ ድምፁ ለመጓዝ የአለቃ ፈቃድ አላስፈለገውም። ሸክላው፣ ቀጥሎም ካሴቱ፣ ቡድኑ ያልደረሰበት ሁሉ ደረሰ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1990ዎቹ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በአውቶቡስ ሲጓዝ ሾፌሩ የጥላሁንን ካሴት ከዳባት አስቀድሞ አስገብቶ ደባርቅ መናኸሪያ እስኪደርስ ሲያገላብጥ እንደነበር ያስታውሳል። ተሳፋሪው ገበሬም ነበር፣ አስተማሪም ነበር፣ ወታደርም ነበር። ካሴቱ ይቀየር ያለ አልነበረም። ምናልባት ምክንያቱ የጥላሁን የአዘፋፈን ስልት ሊሆን ይችላል። ከጥሩምባና ከሳክስፎን ጋር እየዘፈነ እንኳ ቃሉን አይውጥም፤ ስንኙን እንደ አዝማሪ አጥርቶ ያደርሳል። ኩሉን ማን ኳለሽን የመሰሉ የሠርግ ዜማዎች በእርሱ ድምፅ ከከተማው መድረክ ወደ ገጠሩ ዳስ ተመልሰው ሲገቡ አልተቸገሩም። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም ዘፍኗል። በድርቅና በረሃብ የተጎዱ ወገኖችን ሥቃይ ያሰማበት ዋይ ዋይ ሲሉ የተባለው ዘፈኑ ደግሞ ዛሬም ድረስ ረሃብ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ ክፉኛ ጎዳው። አድማጭና ሙዚቀኛ ሰዓቱ ከማለፉ በፊት ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ አለዚያም በሆቴሎች ውስጥ በር ተዘግቶባቸው እስከ ንጋት ይቆያሉ። ብዙ ባለሙያዎች አገር ጥለው ወጡ፤ አምሃ እሸቴም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ጥላሁን መኖሪያውን በአገሩ አድርጎ ቀጠለ። በኋለኞቹ ዓመታት ወደ ውጭ አገር እየተጓዘ በሰሜን አሜሪካና በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኮንሰርት ያቀርብ ነበር። አድማጩ ባሕር ማዶ ሄዷልና ዘፋኙ ተከተለው።

በ1985 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን በአዲስ አበባ በመኖሪያ ቤቱ ሳለ አንገቱ ላይ ከባድ የስለት ጉዳት ደረሰበት። ወሬው በከተማው በተሰማ ጊዜ ብዙዎች ዘፋኙ በሕይወት ቢተርፍ እንኳ ድምፁ አይተርፍም ብለው ነበር። ነገሩ ብዙ ተወርቶበታል፤ ወሬውን እዚህ መድገም አስፈላጊ አይደለም። ድምፁ ግን ተርፎ ወደ መድረክ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ዘገምተኛ ነበር። የስኳር ሕመም እያደር አዳከመው፤ በሕክምና አንድ እግሩን እስከ ማጣትም አደረሰው። ከወሊሶ ወደ ቱሉ ቦሎ በእግሩ የገሰገሰው ልጅ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሰው ድጋፍ የሚንቀሳቀስ ሆነ። ያም ሆኖ በሕዝብ ፊት መታየቱን አላቋረጠም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሥነ ጥበባትና መገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅትም የሕይወት ዘመን ሥራውን በሽልማት አክብሯል። በልጅነቱ ዘፋኝ እንዳይሆን ከመንገድ የተመለሰው ሰው ክቡር ዶክተር ተብሎ ለመጠራት በቃ።

በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ በዓል ሲቃረብ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህ የመጨረሻው ጉዞው ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ በትንሣኤ ዕለት በ68 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። የመስቀል ዕለት ተወልዶ የትንሣኤ ዕለት መሞቱን ያላስተዋለ አልነበረም። የዕለቱ የበዓል ዝግጅት በብዙ ቤቶች ወደ ለቅሶ ተቀየረ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ዘፈኖቹን ሲያሰሙ ሰነበቱ። ሚያዝያ 15 ቀን አስከሬኑ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሕዝብ በተገኘበት በመስቀል አደባባይ ስንብት ከተደረገለት በኋላ በመንግሥት ደረጃ በተዘጋጀ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ከአደባባዩ እስከ ካቴድራሉ ባለው መንገድ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ሸኝቶታል።