የመርሐ ቤቴው መጻሕፍት ቈጣሪ

መጽሐፍ የሚሰበስብ ብዙ ነው፤ የሰበሰበውን ቈጥሮ ለወገኑ የሚያስታውቅ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ግድም በመርሐ ቤቴ፣ ደን በሚባል ስፍራ ተወለዱ። በዚያ ዘመን የደጋው ልጅ የሚያውቀው መጽሐፍ በብራና የተጻፈ፣ በእንጨት ገበታ የተጠረዘ፣ በቆዳ ማኅደር ተከቶ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተሰቀለ ነበር። ሽፋኑ ላይ ስም ስለሌለው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከማኅደሩ አውጥቶ መግለጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንዱ ደብር መጽሐፍ በሌላው ደብር ሳይታወቅ ይኖር ነበር።

ባሕር ማዶ ያለው ሰው ግን ይቈጥር ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ብራናዎች ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ በሙዚየሙ የሚገኙትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመ። እንግዲህ የለንደን ተማሪ በአንድ ቀን የሚያውቀውን የመንዝ ደብተራ በዕድሜው ሙሉ ላያውቀው ይችላል ማለት ነው።

ኅሩይ በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው በጸሐፊነት አገለገሉ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቍጥር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ካታሎግ አወጡ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ ወዳጄ ልቤንና አዲስ ዓለምን የመሳሰሉ መጻሕፍት ደረሱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐበኙ፤ ስለ ጉዟቸው የጻፉትንም መጽሐፍ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን አሉት።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። የኢትዮጵያ ታሪክ ያሉት ትልቅ ሥራቸው ገና በማተሚያ ላይ ሳለ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ የታተመው ወረቀት አብዛኛው ጠፋ። ለሌሎች ደራስያን መጻሕፍት እንዳይጠፉ የደከሙት ሰው የገዛ መጽሐፋቸውን ማዳን አልቻሉም፤ የተረፈው ክፍል የታተመው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደለ። እርሳቸውም በስደት እንዳሉ በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ።

ለእኛ ለተማሪዎች ምን ቀረልን? የዚያ ዘመን የታተመ መጽሐፍ ከብራናው የሚለየው አርእስቱን፣ የደራሲውን ስም፣ ከተማውንና ዓመቱን በፊት ገጹ በመያዙ ነው። ይሁን እንጂ አሮጌ መጽሐፍ በአዲስ ገበታ ሲጠረዝ የወረቀት ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ሽፋኑና የፊት ገጹ የጠፋበት መጽሐፍም እንደ ገና ስም የለሽ ይሆናል። ስለዚህ በአያቱ ሣጥን ወይም በአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ እንዲህ ያለ ሽፋን ያገኘ ጓደኛ አይጣለው። በላዩ ያለውን ጽሑፍ ይገልብጥ፤ ያገኘበትንም ስፍራ ይመዝግብ። ኅሩይም የጀመሩት ከዚህ በማይበልጥ ነገር፣ አንድ ሁለት ብሎ በመቍጠር ነው።