የአራቱ ዋንጫዎች አምበል

ተማሪዎች፣ የአንድ የስፖርት ክለብ የክብር መዝገብ እጃችሁ ቢገባ ምን የምታገኙበት ይመስላችኋል? የዋንጫው ስም፣ የተገኘበት ዓመት፣ የተሸናፊው ስም፤ ከዚህ የዘለለ ነገር እምብዛም አይገኝበትም። ሆኖም ከእያንዳንዱ መስመር በስተጀርባ ላባቸውን ያፈሰሱ፣ አጥንታቸው የተሰበረ፣ አንዳንዴም ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሀደርስፊልድ ራግቢ ክለብ መዝገብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናችኋል። ቀጥሎ የምታነቡት የዚህ ክለብ አምበል የነበረው የሃሮልድ ዋግስታፍ ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። በራግቢ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥም በእግር መምታትም ይፈቀዳል፤ በእጅ ሲቀባበሉት ግን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር መሬት ያስነካ ተጫዋች ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። በሰሜን እንግሊዝ ጨዋታውን ከሚጫወቱት ብዙዎቹ የከሰል ማዕድንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ በቀሩ ቁጥር ደመወዛቸው ይቆረጥ ስለ ነበር ክለቦቻቸው ካሣ እንዲከፈላቸው ጠየቁ፤ የጨዋታው የበላይ አካል ግን አልፈቀደም። ስለዚህ የሰሜን ክለቦች በ1895 በሀደርስፊልድ ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው፣ በአንድ ወገን 13 ሰዎች የሚሰለፉበት ጨዋታ ከዚህ የመነጨ ነው።

ዋግስታፍ በ1891 በሀደርስፊልድ አጠገብ በምትገኘው በሆልምፈርዝ ተወለደ። በ1906 ለክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። 17 ዓመት ሲሆነው ለእንግሊዝ ቡድን ተመረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ የክለቡ አምበል ሆነ። የመሐል ተጫዋች እንደ መሆኑ ኳስን አቀባብሎ ለጓደኛው መንገድ መክፈት ዋነኛ ችሎታው ነበረ። በክንፍ በኩል ይጫወት የነበረው አውስትራሊያዊው አልበርት ሮዘንፌልድ በ1913-14 የውድድር ዘመን ኳስን 80 ጊዜ ከመስመር ባሻገር አሳርፎ እስከ ዛሬ ያልተደረሰበትን ቁጥር አስመዘገበ።

በ1914 ዋግስታፍ የብሪታንያን ቡድን እየመራ ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ። በሲድኒ ከተማ በስምንት ቀን ውስጥ ሦስት ከባድ ግጥሚያዎች ተደረጉ። ከሁለቱ ግጥሚያዎች እያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ አሸንፎ ስለ ነበር ሦስተኛው ወሳኝ ሆነ። ብዙዎቹ የብሪታንያ ተጫዋቾች ስለ ቆሰሉ ግጥሚያው እንዲዘገይ ቢጠየቅም፣ ከአገር ቤት የመጣው ትእዛዝ ተጫወቱ የሚል ሆነ። ሐምሌ ወር በገባ በአራተኛው ቀን ሜዳ ገቡ። በዚያ ዘመን በተጎዳ ሰው ምትክ ሌላ ማስገባት አይፈቀድም ነበርና ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ቡድኑ አሥር ሰው ብቻ ቀረው። ዳግላስ ክላርክ አውራ ጣቱ ተሰብሮ ከተጫወተ በኋላ አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ወጣ። የቀሩት ግን አልበገር ብለው 14 ለ6 አሸነፉ። ይህ ድል በሀደርስፊልድ የዋንጫ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ የአምበሉ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው ግን በእርሱ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በኦክቶበር 1914 የከተማው የእግር ኳስ ክለብ ተጫዋች ላሬት ሮባክ በፈረንሳይ ግንባር ወደቀ። በዚያው የውድድር ዘመን ሀደርስፊልድ የዮርክሻየርን ዋንጫ፣ የዮርክሻየርን ሊግ፣ የአገር አቀፉን ሻምፒዮና እና የቻሌንጅ ዋንጫን ጠቅልሎ ወሰደ። በቻሌንጅ ዋንጫ ፍጻሜ ሰይንት ሄለንስን ያሸነፈው 37 ለ3 ነበረ። በጨዋታው ታሪክ አራቱንም ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ያገኙ ክለቦች ሦስት ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ ዋግስታፍም ወታደር ሆነ። ጓደኛው ፍሬድ ሎንግስታፍ በ1916 በጦር ሜዳ ሞተ።

ሰላም በተመለሰ ጊዜ ቡድኑ አራቱን ዋንጫዎች ዳግመኛ ሊያገኝ ተቃርቦ ነበር። በ1920 ሦስቱን አግኝቶ ለመጨረሻው ሲደርስ ግን ዋግስታፍን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾቹ ለአገራቸው ሊጫወቱ ወደ አውስትራሊያ ተጉዘው ነበር። ሀደርስፊልድ በሀል ክለብ 3 ለ2 ተሸነፈ።

ዋግስታፍ በ1939 በ48 ዓመቱ አረፈ። በ1988 የብሪታንያ ራግቢ ሊግ የዝነኞች መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ተመራጮች አንዱ ሆነ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የአንድን ክለብ የዋንጫ ዝርዝር ስትመለከቱ የተጻፈውን ብቻ አትቁጠሩ። በ1920 የጎደለውን አንድ ዋንጫና በ1915 እና በ1919 መካከል ያለውን ባዶ ቦታም አስተውሉ። ስለ ሰዎቹ ማንነት ከተጻፈው ይልቅ የጎደለው ብዙ ሊነግራችሁ ይችላል።