የጃንጎ ሬይንሃርት ሁለት ጣቶች

ጊታረኛው ጃንጎ ሬይንሃርት በ1910 እ.ኤ.አ. በቤልጂግ አገር፣ በተለምዶ ጂፕሲ ከሚባለው የሮማ ሕዝብ ወገን ተወለደ። በ1928 በፓሪስ አጠገብ ይኖርበት የነበረው የጋሪ ቤት በእሳት ሲያያዝ የግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠለ፤ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱም እንደ ተኮራመቱ ቀሩ። ይህ ለጊታር ተጫዋች ምን ማለት እንደ ሆነ ለሙያ ባልደረቦች መንገር አያሻም። እርሱ ግን በሕክምና ላይ ሳለ ወንድሙ ባመጣለት ጊታር አጨዋወቱን ከሥሩ እንደ ገና ተማረ። ዜማውን በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ በጊታሩ አንገት ላይ ሽቅብና ቁልቁል ያስሮጠው ነበር፤ የተጎዱት ጣቶች ኮርድ በመያዝ ብቻ አልፎ አልፎ ያግዙታል። በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የተነሣው የአምስት ሰው ጓድ ያለ ከበሮና ያለ ትንፋሽ መሣሪያ ጃዝ ተጫወተ። ጃንጎን በአዘኔታ ብቻ የሚያነሡት ይበድሉታል፤ ያ ፍጥነትና ያ ጥራት ከጉዳቱ ጋር በተደረገ ሥራ የተገኘ ነውና። በ1953 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። አራቱም ጣቶቻቸው ደኅና የሆኑ የኋለኛው ዘመን ጊታረኞች ግን ዜማዎቹን በሁለት ጣት ይለማመዳሉ።