ሉካ ፓቺዮሊና የነጋዴዎች ትምህርት
ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1447 ገደማ በኢጣሊያ፣ በሳንሴፖልክሮ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በቬኒስ የአንድ ነጋዴ ልጆችን እያስተማረ የንግድ መዝገብ አያያዝን ቀሰመ። ይህም ሙያ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ፣ በሱቅና በንግድ ቤት የሚለመድ ነበር። ፓቺዮሊ ግን በ1477 በፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በ1494 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍም ድርብ የሒሳብ አመዘጋገብን ከአልጀብራና ከጂኦሜትሪ ጎን አሰለፈው። ሥርዓቱን የፈጠሩት ነጋዴዎች ናቸው፤ የእርሱ ድርሻ ከሊቃውንት ዘንድ ማድረስ ነበር። በ1517 ዐረፈ።

በአገራችንም በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ውሎ አድሮ የዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። እንግዲህ ከሙያ ማሠልጠኛ ወጥቶ ለአካውንቲንግ ዲግሪ የሚያመለክት የአዲሱ ገበያ ወጣት፣ አስቀድሞ የተማረው በሚገባ ተመዝኖ ሊያዝለት ይገባል፤ ሙያችን ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚሁ መንገድ ነውና።