ኢያን ከርቲስና የመጨረሻው ሸክላ

በጥቁር መደብ ላይ የተራራ ሰንሰለት የመሰሉ ነጫጭ መስመሮች የታተሙበትን ከናቴራ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያላየ ተማሪ ይኖራል ብለን አናስብም። ከሚለብሱት ብዙዎቹ ግን ሥዕሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም። መስመሮቹ ተራራ አይደሉም፤ በ1967 የተገኘችው የመጀመሪያዋ ፐልሳር፣ ይኸውም የሬድዮ ሞገድ በየቅጽበቱ የምትልክ ኮከብ፣ በተከታታይ የላከቻቸው ሞገዶች ናቸው። በ1979 ደግሞ ጆይ ዲቪዥን የተባለ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ ላወጣው የመጀመሪያ አልበም የሽፋን ሥዕል ሆኑ። የዚያ ጓድ ድምፃዊና ገጣሚ ኢያን ከርቲስ ይባል ነበር። በሞተ ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኢያን ከርቲስ ብዙ ተጽፏል፤ ፊልምም ተሠርቷል። በብዛት የሚነገረው ግን ሕመሙና ሐዘኑ ጥበቡን ወለዱለት የሚለው ነው። እኛ ሕክምና የምናጠና ተማሪዎች ይህን አባባል ለመቀበል ይቸግረናል። የሕይወቱን ታሪክ በቅደም ተከተል ለተመለከተው ሸክላዎቹን የሠራው የአራት ወጣቶች ልምምድና መደማመጥ ነው። ሕመሙ ያደረገው ሠሪውን መውሰድ ብቻ ነው። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከመጀመሪያው እናንሳ።

ኢያን ጁላይ 15 ቀን 1956 በማንቸስተር አጠገብ በምትገኘው በስትሬትፎርድ ተወለደ። ያደገው ከማንቸስተር በስተደቡብ፣ በሐር ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በማክልስፊልድ ከተማ ነው። በ11 ዓመቱ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኪንግስ ስኩል በተባለው የከተማይቱ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ። ሆኖም ልቡ ከመደበኛው ትምህርት ይልቅ ወደ ግጥም፣ ወደ ልብ ወለድና ወደ ሙዚቃ ስላደላ የመጨረሻውን ደረጃ ሳይጨርስ ወጣ። ጥቂት ጊዜ በሸክላ መሸጫ ሱቅ ከሠራ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በኦገስት 1975፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የ18 ዓመቷን ዲቦራን አገባ።

ከያዛቸው ሥራዎች የመጨረሻው በማክልስፊልድ የሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት ነበር። በዚያም ተግባሩ አካል ጉዳተኞችንና ሕመምተኞችን ሥራ ማስያዝ ነው። ወደ ቢሮው ከሚመላለሱት መካከል የሚጥል በሽታ የነበረባት አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። አንድ ሰሞን መምጣቷን አቋረጠች፤ ኋላ ሲሰማ በሽታው ጥሏት ሞታ ኖሯል። ከጓዱ የታወቁ ዘፈኖች አንዱ የሆነው «ሺዝ ሎስት ኮንትሮል» ከእሷ ታሪክ የመጣ ነው። ኢያን ይህን ነገር ያወቀው ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጦ የሌላ ሰው ማመልከቻ ሲመለከት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተገኘ።

የጓዱ አመሠራረት እንዲህ ነው። በ1976 በጋ ሴክስ ፒስቶልስ የተባሉት የፓንክ ሙዚቀኞች በማንቸስተር ሁለት ትርዒት አሳዩ። ተመልካቹ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ከተመልካቾቹ መካከል ብዙዎቹ ሙዚቃ ለመጫወት ሙዚቃ መማር የግድ አለመሆኑን ተረድተው ወጡ። ከሳልፎርድ የመጡት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ መሣሪያ ይዘው መለማመድ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። ኢያን በድምፃዊነት ተቀላቀላቸው። በ1977 የማክልስፊልዱ ስቲቨን ሞሪስ ለድራም መቺነት ገባና አራት ሆኑ። በመጀመሪያ ዋርሶ ተብለው ነበር፤ በ1978 መግቢያ ጆይ ዲቪዥን የሚለውን ስም ያዙ። ስሙ በናዚ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ስለተደፈሩ ሴቶች ከሚያወሳ ልብ ወለድ የተወሰደ በመሆኑ ብዙ ወቀሳ አምጥቶባቸዋል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራ ስልታቸው እንምጣ። ልምምዳቸው በማንቸስተር በአንድ አሮጌ የፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ፣ ብርድ በሞላበት ክፍል ነበር። ከአራቱ አንዱም ኖታ ጽፎ ዜማ የሚያቀርብ አልነበረም። ሦስቱ መሣሪያ ተጫዋቾች እንደመጣላቸው ይጫወታሉ፤ ኢያን ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንዲት የምትጥም የዜማ ሐረግ ስትመጣ ያስቆማቸውና እንዲደግሟት ይነግራቸዋል። ይቺን ከዚያኛዋ ጋር አጋጥሟት፣ ድራሙ እዚህ ላይ ይግባ እያለ ዘፈኑን ቅርጽ ያስይዘዋል። ቀጥሎም በፌስታል ይዞት ከሚዞረው የደብተርና የወረቀት ክምር የሚስማማውን ግጥም መዝዞ ያወጣና ይሞክረዋል። እንግዲህ ከማንም በላይ መሣሪያ የማያውቀው ሰው የሁሉም ጆሮ ሆነ ማለት ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የፒተር ሁክ ማጉያ ደካማ ስለነበር የበርናርድ ጊታር ድምፁን ይውጥበት ነበር። የራሱን ድምፅ ለመስማት ሲል ቤዝ ጊታሩን ከወፍራሞቹ ክሮች ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ወጥቶ መጫወት ያዘ። ኢያን ይህን ወደደና እንዲገፋበት አበረታታው። በዚህ ምክንያት በጆይ ዲቪዥን ዘፈኖች ዜማውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ቤዙ ሆነ። የዕቃ ጉድለት የሥራ ስልት ወለደ፤ ጉድለቱን ወደ ጥቅም የለወጠው ግን አዳማጭ መኖሩ ነው።

በ1978 በማንቸስተር ፋክተሪ ሬከርድስ የተባለ አነስተኛ የሸክላ ድርጅት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ቶኒ ዊልሰን ነው። ድርጅቱ ከለንደን ትልልቅ ኩባንያዎች ነፃ ሆኖ የሚሠራ ሲሆን ሙዚቀኞቹ የሥራቸው ባለቤት ሆነው ይቀራሉ፤ ትርፉም እኩል ለእኩል ይካፈላል። የመጀመሪያው አልበም «አንኖውን ፕሌዠርስ» በኤፕሪል 1979 በስቶክፖርት ተቀርጾ በጁን ወጣ፤ መጀመሪያ የታተመው 10,000 ቅጂ ነበር። ቀረጻውን የመራው ማርቲን ሃኔት ልዩ ሰው ነው። የድራሙን ክፍሎች ለያይቶ ይቀርጻል፤ ድምፅን አዘግይቶ በሚመልስ መሣሪያ በየድምፁ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ያበጃል። በርናርድና ፒተር በመድረክ ላይ የነበረን ጉልበት ጠፋ ብለው ተቆጡ። ዛሬ ሰው የሚያደንቀው ግን ያንኑ ባዶ ቦታ ነው።

በሽታው የመጣው ከዚህ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ዲሴምበር 27 ቀን 1978 ከለንደን ትርዒት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሳሉ ኢያንን ጣለውና ሆስፒታል ተወሰደ። በጃንዋሪ 1979 የሚጥል በሽታ መሆኑ ተነገረው። በዚያን ጊዜ ከነበሩት መድኃኒቶች ፌኖባርቢታልን፣ ፌኒቶይንን፣ ካርባማዜፒንንና ቫልፕሮኤትን እየቀያየሩ ሞከሩለት። በትምህርታችን እንደምንረዳው ከእነዚህ መካከል፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ ሕመምተኛውን ሊያፈዝና መንፈሱን ሊያጨልም ይችላል። በሽታውን ከሚቀሰቅሱት መካከል ደግሞ እንቅልፍ ማጣት፣ የአልኮል መጠጥ፣ መድኃኒት መዝለልና፣ በአንዳንድ ሰው ላይ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይገኙበታል። የሮክ ሙዚቀኛ ኑሮ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የያዘ ነው። ይህም ሳይበቃ በኤፕሪል 1979 ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት ሥራውን ትቶ በሙዚቃ ብቻ ለመኖር ቆረጠ፤ ትዳሩም በሌላ ፍቅር ምክንያት ይናወጥ ጀመር። በመድረክ ላይ እጆቹን እያወራጨ የሚደንሰው ዳንስ በሽታው ሲጥለው ከሚታየው ጋር በመመሳሰሉ፣ ተመልካቹ እየደነሰ ይሁን እየወደቀ የማይለይበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ጓደኞቹ ተሸክመው ያወጡታል።

ሁለተኛው አልበም «ክሎሰር» የተሠራው በዚህ መካከል ነው። በማርች 1980 አጋማሽ ገደማ ፒንክ ፍሎይድ በለንደን ባቋቋመው ብሪታኒያ ሮው ስቱዲዮ ገቡ። ሥራው ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። ዘፈኖቹ ዘጠኝ ሲሆኑ ብዙዎቹ አስቀድሞ በልምምድ ክፍልና በመድረክ የተፈተኑ ነበሩ። ሥልታቸው ያው የቀድሞው ቢሆንም አሁን ደፈር ብለው ሞከሩ። በመክፈቻው ዘፈን ፒተር ጊታር፣ በርናርድ ቤዝ ይዘው መሣሪያ ተለዋወጡ። ሲንተሳይዘርና ፒያኖ ሰፊ ቦታ አገኙ፤ ሃኔት ሌሊቱን እየሠራ ድምፁን ከፊተኛው የበለጠ አሰፋው። ኢያን በሥራ ላይ ሲሆን ትኩረቱ የተሟላ፣ ቃላቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ነበር። በሽታው ግን በስቱዲዮም አልተለየውም፤ አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥሎት ራሱን ተመትቶ ተገኝቷል። ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኤፕሪል 4 ቀን 1980 በአንድ ሌሊት በለንደን ሁለት ቦታ እንዲጫወቱ ተደረገ። በመጀመሪያው፣ በሬይንቦው ቲያትር፣ ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶች በርተው ኢያን በስቲቨን ድራም ላይ ወደቀ። ከዚያ ተወስዶ በሁለተኛው ቦታ ዘፈነ፤ እዚያም ጣለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ሆስፒታል ገባ። ኤፕሪል 8 ቀን ግን በበሪ ከተማ ትርዒት ላይ እንዲገኝ ተደረገ፤ ጥቂት ብቻ ዘፍኖ ሲወርድና ሌሎች ሲተኩት ሕዝቡ ጠርሙስ መወርወር ጀመረና ትርዒቱ በረብሻ ተበተነ። ሜይ 2 ቀን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለመጨረሻ ጊዜ ዘፈነ። ሜይ 19 ቀን ወደ ሰሜን አሜሪካ ጉዞ ሊጀምሩ ነበር። በዋዜማው፣ እሑድ ሜይ 18 ቀን 1980፣ ኢያን በማክልስፊልድ መኖሪያ ቤቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

«ክሎሰር» በጁላይ ወጥቶ በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ። ሽፋኑ በጣልያን አገር በጄኖዋ መካነ መቃብር ካለ ሐውልት የተነሣ ፎቶግራፍ በመሆኑ ብዙ ሰው እንደ ትንቢት ቆጠረው። ሥዕሉ ግን የተመረጠው ኢያን በሕይወት ሳለ ነው። ሦስቱ የቀሩት ጓደኞቹ ኒው ኦርደር በሚል አዲስ ስም ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ከእሱ ጋር ጀምረዋቸው የነበሩትን ሁለት ዘፈኖችም በ1981 አወጡ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገር ከዓመታት በኋላ በጓደኞቹ ምስክርነት ታወቀ። በልምምድ ክፍል የእያንዳንዱን ክር ድምፅ ለይተው የሚሰሙት እነዚያ ወጣቶች ግጥሞቹን ልብ ብለው አላዳመጧቸውም ነበር። ዘፋኙ የሚዘፍነው ስለ ሌላ ሰው፣ ወይም ካነበበው መጽሐፍ ይመስላቸው ነበር። እንዴት ነህ ሲሉት ደኅና መሆኑን ይነግራቸዋል፤ እነሱም ያምኑታል። ሥራው ቢቆም የሦስት ሰው እንጀራ አብሮ ስለሚቆም እሱም ይብቃኝ አላለም። ሐኪሞቹ ክኒን ሰጡት፤ ሥራ አስኪያጁ ቀጠሮ ያዘለት፤ ተመልካቹ አጨበጨበለት። ዛሬ ይረፍ የማለት ሥልጣን ያለው አንድም ሰው በዙሪያው አልነበረም። በ20ዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆችን በዚህ ለመውቀስ አንፈልግም፤ ነገሩን መናገራችን ትምህርት ስላለው ነው።

ለእኛ የሚጥል በሽታ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ዛሬም ብዙ ሰው የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ይላል፤ ሰው ሲወድቅ እንዳይጋባብኝ ብሎ ይሸሻል፤ ክብሪት ጭሮ የሚያሸትም አለ። በሽታው የአንጎል ሕመም ነው፤ በመንካት አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት ይኖራሉ፤ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ። የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ሊጎዳው የሚችለውን ዕቃ ከአጠገቡ ማራቅ፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ በጉልበት አለመያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ይገባል። ከዚህም በላይ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በሐዘንና በተስፋ መቁረጥ የመያዛቸው ዕድል ከሌላው ሰው ስለሚበልጥ የመንፈስ ሁኔታቸውን መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው።

በመካከላችንም የነፃ ትምህርት ዕድሌ ይታጠፍብኛል፣ ወይም ወሬው አገር ቤት ይደርሳል ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ወንድም ወይም እኅት ሊኖር ይችላል። እንዴት ነህ ተብለን እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ልማዳችን ነው፤ ልማዱ መልካም ቢሆንም መልሱ ላይ መቆም ግን አይገባንም። ሁለተኛ ጊዜ እንጠይቅ፤ አብረን ወደ ሐኪም እንሂድ፤ ፈተናም ቢሆን ዛሬ ይቆይ ለማለት እንድፈር። የኢያን ከርቲስን ሸክላ የሚወድ ሰው ሦስተኛው ምን ይመስል ነበር እያለ ያስባል። እኛም እናስባለን፤ ዜማውን የሰማ ጆሮ ቃሉንም ቢሰማ ኖሮ ሦስተኛው ይኖር ነበር ብለን እንመኛለን።