ዛፍ ይንከባከብ የነበረው ሾጉን

ቶኩጋዋ ኢየሚትሱ በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1604 ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አያቱ ኢየያሱ መሳፍንቱን በጦር አንበርክኮ በ1603 ሾጉን የተባለውን ማዕረግ የያዘ ሰው ነው። ሾጉን ማለት በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን በተግባር የሚገዛ የጦር አለቃ ነው። ኢየሚትሱ በልጅነቱ በሽታ የሚያጠቃው ደካማ ስለነበር ወላጆቹ ታናሽ ወንድሙን ያስበልጡ ነበር ይባላል። አያቱ ግን ለታላቁ ፈረደለትና በ1623 ሦስተኛው ሾጉን ሆነ። ታናሽየውም ኋላ ራሱን እንዲያጠፋ ተገደደ።

የኢየሚትሱ አገዛዝ የመቁረጥ አገዛዝ ነበር። በ1635 መሳፍንቱ በየተራ በኤዶ፣ ማለት በዛሬዋ ቶኪዮ፣ እንዲቀመጡ አዘዘ። በዚያው ዓመት ጃፓናዊ ከአገሩ እንዳይወጣ፣ የወጣውም እንዳይመለስ በሞት ቅጣት ከለከለ። በ1637 ግብር፣ ረሃብና በክርስቲያኖች ላይ የደረሰው ስደት ያስመረራቸው የሺማባራ ገበሬዎች ተነሡ። በሚቀጥለው ዓመት አመፁ ሲደመሰስ ሴትና ሕፃን ሳይለይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

ታዲያ ይህ ጨካኝ ገዥ ቦንሳይ ይወድ ነበር። ቦንሳይ እኮ ሌላ ነገር አይደለም፤ ትልቅ መሆን የሚችለውን ዛፍ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየገረዙ በትንሽ ሸክላ ውስጥ ማኖር ነው። አንድ ሽማግሌ ባለሟል ገዥው ከዛፍ ይልቅ የአገሩን ጉዳይ እንዲያስብ ብሎ ውድ የሆነውን አንዱን ተክል አንሥቶ ወደ ግቢው ወረወረው ተብሎ ይተረካል።

ኢየሚትሱ በ1651 ሞተ። የሾጉኖች አገዛዝም በ1868 ወደቀ። እሱ ይንከባከባት ነበር የምትባለው ጥድ ግን በቶኪዮ ቤተ መንግሥት ውስጥ አሁንም በሕይወት አለች። ወገኗ እኛ ፓቱላ ከምንለው ዛፍ ነው፤ ዕድሜዋም ከ500 ዓመት በላይ ይገመታል። ስማቸው ያልተጻፈ አትክልተኞች እየተቀባበሉ ውኃ ባያጠጧት ኖሮ አንድ በጋ እንኳ ባልዘለቀች ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መግረዝ ትንሽ እንበል። ጥድ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ቅጠል በሙሉ ከተነሣ ያ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። የሾላና የዋርካ ወገን ግን ሌላ ጠባይ አለው። የቡና ገበሬዎቻችን ጉንደላ እንደሚሉት አድርገው ግንዱን ቢቆርጡትም ከአሮጌው እንጨት ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ቦንሳይ የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ወገን በጣም ይወዱታል። ቢሆንም ሥርዓት አለው፦

ዛፉ ጤነኛ ሆኖ በሙቀት ወራት፣ ዕድገት ላይ ሳለ ይቆረጣል። መቁረጫው ስለትና ንጹሕ ይሁን። ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በደከመ ዛፍ ላይ ሥሩንና ቅርንጫፉን በአንድ ጊዜ አብዝቶ መቁረጥ አይገባም። ቅጠሉ ካነሰ የሚጠጣውም ውኃ ስለሚያንስ አፈሩ እንዳይጨቀይ መጠንቀቅ ነው። ብርሃን ያገኛል፤ ማዳበሪያው ግን አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ይቆያል።

እንግዲህ መቁረጥ ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ከባዱ ምን ያህል እንደሚተርፍ ማወቅና ከተቆረጠ በኋላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ኢየሚትሱ ለጥዲቱ የራራውን ያህል ለሺማባራ ገበሬዎች አልራራም። ነገ ክፍል ገብተን ተማሪ የምንቀጣና የምናርም እኛ እጩ መምህራን የዚህን ሰው ሕይወት ስናነብ ሁለቱንም ጎኑን ማየት ይገባናል።